የቀኙ መስኮት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌው በራችን ላይ ቆሞ ሲጮኽ ምራቴ የማይረባ ያለችውን ዕቃ ሁሉ ሰብስባ ወጣች። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የተቀደደ ባልዲ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት። እኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ከዚያ ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ቶሎ የማይጠፋ ድምፅ። ወዲያው አወቅኋት። ነጠላ ሳልደርብ፣ ጫማ ሳላጠልቅ ወጥቼ ከሰውዬው ጆንያ ውስጥ መንጭቄ አወጣኋት።

«እማዬ፣ እሷ እኮ ዝጋለች!» አለች ምራቴ።

«እኔስ አልዛግሁም? እኔንም ጨምረሽ ስጪው እንጂ!» አልኳት።

ቆራሌው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እስከ ማታ አኩርፋኝ ዋለች።

እይያት እስቲ። ነጭ የብረት ሳህን ናት፤ ጠርዟ ሰማያዊ። እዚህ ጋ ቀለሟ ተፈንቅሎ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነጥብ ወጥቶባታል። አንድም ቀን በልቼባት አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር የማልፈው። አንቺ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ እንግዲያው ወንበሩን ሳቢና ስሚኝ።

ጃንሆይ በነበሩበት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ኮልፌ ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። ሦስት ምግብ ቤት ያላቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ አንዱ መርካቶ፣ አንዱ ኮልፌ፣ አንዱ አየር ጤና። እኛ ሠራተኞቹ ጋሼ ነበር የምንላቸው። በልጅነታቸው ጣሊያን ቤት አስተናጋጅ ሆነው ሠርተዋልና ከዚያ አንድ አባዜ ይዟቸው ቀረ፦ ሦስቱም ቤት አንድ ቤት መምሰል አለበት። ያው አረንጓዴ በር፣ ያው የጠረጴዛ ልብስ፣ ያው ቅቅል፣ ያው ጥብስ። ቃላችን እንኳን አንድ ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ፤ ምን ልታዘዝ?» አንዷ ተሳስታ «ምን ላምጣልዎ?» ካለች ጋሼ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከኋላዋ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። የሽርጣችን ቋጠሮ ከኋላ በግራ በኩል መዋል አለበት። ወይ ጉድ! እኛ ደግሞ ዘወር ሲሉ «ነገ አፍንጫችንንም አንድ ያደርጉታል» እያልን እንስቅባቸው ነበር።

ሥራው አይጣል ነው። ጠዋት ወለሉን በጋዝ ስንወለውል የሚወጣው ሽታ እስከ ምሳ ድረስ ከአፍንጫ አይለቅም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ የነጭ ሽንኩርቱና የሚጠበሰው ሥጋ ሽታ ይተካል። ያ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ያድራል፤ አክስቴ «ጥብስ መጣች» ትለኝ ነበር። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ከጋሪው አቧራ ጋር ተያይዞ ይገባል። ከዚያ ሰው፣ ሰው፣ ሰው። ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ከገጠር ገበያ የመጣው። እግሬ ሲያብጥ ጫማዬን ከባንኮው ሥር አውልቄ፣ ቆሜ እፎይ እል ነበር።

ይህንን እግር ልብ በይልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

ኮልፌ እስላምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፣ ሰርግ አብሮ ይደግሳል። ሥጋ ግን አብሮ አይበላም፤ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ እስላሙ እስላም ያረደውን። ያኔ ምግብ ቤት ሁሉ ወይ የዚህ ወይ የዚያ ነበር። ጋሼ ግን ሁለቱንም አበላለሁ ብለው በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ማድ ቤት አሠሩ። መሃላቸው ግንብ ነው። ወደ እኛ ወደ አስተናጋጆቹ የሚከፈቱ ሁለት መስኮቶች ጎን ለጎን አሏቸው። ኮልፌ ቤት የቀኙ የእስላም፣ የግራው የክርስቲያን ነበር። ከላያቸው ጨረቃና መስቀል ተሥሏል። ሳህኑም ይለያል፤ የእስላሙ ጠርዙ ሰማያዊ፣ የክርስቲያኑ ቀይ። የሚታጠበውም ለየብቻ ነው። በዚህ ላይ ልሳሳት ብትይ እንኳ አትችይም ነበር።

በቀኙ መስኮት የነበሩት ወጥ ሠሪ እትዬ ናቸው። አጠር፣ ደልደል ያሉ ሴት፤ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ጠቅልለው፣ የጉራጌ ዜማ ባለው አማርኛ ድስቱን ሲቆጡት ይውላሉ። «አንተ ድስት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክብኝ?» ይሉታል። በሰፈሩ ሰርግም ይሁን ሰደቃ ያለ እሳቸው እሳት አይነድም። ጋሼ ሁለት ማድ ቤት በአንድ ጣሪያ ብለው ሲነሡ እስላሙ ሁሉ ይደባለቃል ብሎ ሸሽቶ ነበር። ያን ጊዜ መጀመሪያ ገብተው የተቀመጡት ሐጂ ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ጢማቸው ነጭ የሆነ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። «እሷ ያለችበት ቤት ነው፤ እኔ እበላለሁ» አሉ። በሳምንቱ የቀኙ ማድ ቤት ድስት አልበቃ አለ። ስለዚህ የእኛ ቤት በእትዬ ስም ነው የቆመው፤ ጋሼም ያውቁታል።

እኔን እትዬ ይወዱኝ ነበር። ማታ ማታ እማር ስለነበር ደብተሬን ይዤ ነው ሥራ የምገባው። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ በመስኮቱ አሻግረው «እስቲ አንብቢልኝ» ይሉኛል። ጂኦግራፊ ይሁን ሂሳብ ግድ የላቸውም። አንዴ ስለ ዓባይ ወንዝ አነበብኩላቸው። «ታዲያ ይህን ሁሉ አገር ሲዞር አይደክመውም?» ብለው የምር አዘኑለት። ሽርጤን በቀኝ አስሬ ከመጣሁ ደግሞ አለቀልኝ። «አንቺ ልጅ ቀኝና ግራሽን ሳትለዪ ነው የሚያስተምሩሽ? መጀመሪያ እሱን አይነግሩሽም?» ይሉና በሳቅ ይንከተከታሉ።

ሥራው ለእኔ ምን እንደነበር ደግሞ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትፈርጂብኝ። ወይም ፍረጂ፣ ግን አውቀሽ ፍረጂ። አባቴ አገር ቤት ለአንድ ሰውዬ ቃል ሰጥቶብኝ ነበር። አክስቴ ናት «ትሥራ፣ ትማር» ብላ ያስቀረችኝ፤ ከዚያ ግን በየሳምንቱ ታስጠነቅቀኛለች። «ከሥራ የተባረርሽ ቀን በነጋታው አውቶቡስ ላይ ነሽ፤ ባልሽ እየጠበቀሽ ነው።» ሰውዬውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። የአባቴ እኩያ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ጋሼ ሦስቱንም ቤት አሳደሱ። ግድግዳው በሙሉ አዲስ ቀለም ተቀባ፤ ጨረቃውም መስቀሉም ከቀለሙ ሥር ቀሩ። ከዚያ አበባ ያለበት አዲስ የሸክላ ሳህን በካርቶን በካርቶን ገባ። ሁሉም አንድ ዓይነት። የድሮውን ሳህን ቆራሌው ጭኖ ሊወስድ ሲል እትዬ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወደ ግቢው ወጡ።

«ጋሼ፣ ሳህኑ እኮ ምልክት ነው።»

«ምልክቱ መስኮቱ ነው» አሉ ጋሼ። «ልጆቹ እግራቸው ያውቀዋል።»

እትዬ ከክምሩ ላይ አንዲት ሳህን ብድግ አድርገው በሽርጣቸው ሥር ይዘዋት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን በእሷ ነበር የሚበሉት።

በዚያው ሰሞን አየር ጤና አንዷ አስተናጋጅ ወልዳ ነበርና እኔ አንድ ወር እሷን እንድተካ ተላክሁ። ሁሉን አንድ ያደረጉት ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አላሸነፉም። የአየር ጤናው ቤት ሲሠራ ጭስ መውጫው በሌላ ጎን ስለወደቀ ማድ ቤቶቹ ተገላብጠዋል። እዚያ የእስላሙ መስኮት የግራው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተደናበርኩ፤ ከዚያ ለመድኩት። ወሩ ሲያልቅ እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ግራ ይሄድ ነበር።

ወደ ኮልፌ የተመለስኩት ቅዳሜ ነው፤ ገበያ ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። እኔም ወደ ሰፈሬ በመመለሴ ደስ ብሎኛል። እትዬን ጠዋት ሳምኳቸው፣ «አየር ጤና አከሳሽ» አሉኝ። ያው አረንጓዴ በር፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ሳህን፤ የት እንዳለሁ የሚነግረኝ አንድም ነገር የለም።

ሐጂ ከአማቻቸው ጋር ገቡ። አማቻቸው ከገጠር የመጡ እንግዳ ናቸው። ሐጂ ኮራ ብለው «ሁለት ቅቅል፣ ልጄ። የእትዬሽን እጅ ላስቀምሰው ብዬ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። እኔ ወደ መስኮቱ «ሁለት ቅቅል!» ብዬ ጮኽኩና ሌላ ጠረጴዛ ስጠርግ ቆይቼ፣ መስኮቱ ላይ የወጡትን ሁለት ሳህኖች አንሥቼ አቀረብኩላቸው። ማን እንዳወጣቸው ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ።

ትንሽ ቆይተው እንግዳው መረቅ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። ሄድኩ። «መረቅ ይጨመር!» ብዬ አንገቴን ወደ መስኮቱ ሰገግ ሳደርግ ከውስጥ ያየኝ የክርስቲያኑ ወጥ ሠሪ ነው፤ መስቀሉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ። «ለቅቅሉ ነው? አምጪ» አለኝ።

ግራው መስኮት ላይ ነኝ። ኮልፌ ነኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ሐጂ አጥንቱን እየጋጡ ለአማቻቸው የሆነ ነገር ያጫውታሉ። ሮጬ ሳህኑን ልነጥቅ? ምን ብዬ? በጓሮ በር ወጥቼ ቧንቧው ጋ ሄድኩ፤ ፊቴን ታጠብኩ፤ ደግሞ ታጠብኩ። ስመለስ ጨርሰዋል። እጃቸውን ታጥበው «አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እጇ ይባረክ በይልኝ» አሉኝ።

እጇ ይባረክ። ስንት ሌሊት ሰምቼዋለሁ መሰለሽ!

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ወደ ቀኙ መስኮት ሄድኩ። እትዬ ደብተር የያዝኩ መስሏቸው እጃቸውን ጠራርገው ቀረቡ። ነገርኳቸው። እያለቀስኩ፣ ቃሉ እየተቆራረጠብኝ። ድስቱን ከእሳት አወረዱ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም። እትዬ፣ እሳቸው አያውቁም እኮ። እንተወው፣ በሞቴ!»

«እሳቸው ባያውቁ ኃጢአት የለባቸውም። እኔ ግን አወቅሁ። ነገ መጥተው ከእጅሽ ልብላ ብለው ሲቀመጡ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አሉና ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ። «እነግራቸዋለሁ። ከጎን ባለው መስኮት ላይ የነበረውን የክርስቲያኑን ሳህን የኔ መስሎኝ አቀበልኳት እላለሁ።»

«እኔ ነኝ እኮ ያጠፋሁት!»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ። ግን ክርስቲያን ነሽ። ከኔ እጅ ከሆነ ስህተት ነው ይባላል። ካንቺ እጅ ከሆነ ክፋት ነው ይባላል። ሰፈሩ በአንቺ ሰበብ እንዲባላ አልፈልግም። ደግሞ ትምህርትሽን ጨርሺ።»

እሺ አልኩ። ምን ልዋሽሽ? እሺ አልኩ፤ ትንሽም ቀለል አለኝ። ይህችን ቀለል ያለችኝን ነገር ነው እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ያላልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄዱ። አብሬያቸው ልሂድ ብል አልፈቀዱልኝም። ሲመለሱ እንደነገሩኝ ሐጂ አልጮኹም። ጢማቸውን ይዘው «አንቺን አምኜ ነበር» ብቻ አሉ። ሐጂ አብረዋቸው ከበሉት ከአማቻቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም። እንግዳቸው ግን ዝም አላሉም፤ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የቀኙን ማድ ቤት ምግብ የሚበላ አንድም ሰው አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ጋሼ ሁላችንንም አሰለፉን። ፊታቸው ጠቁሯል። «የማን ጥፋት ነው?» አሉ።

«ነግሬዎታለሁ፤ የኔ ነው» አሉ እትዬ።

«እንግዲያው ይህ ቤት እርስዎ እያሉ ሰው አይገባበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እትዬ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ዝም በይ ነው ያሉኝ? ወይስ አሁንስ አትናገሪም? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የአክስቴ አውቶቡስ በዓይኔ ዞረ። የሰውዬው ሽበት በዓይኔ ዞረ። ሽርጤን ጨብጬ ወለሉን አየሁ፤ ጋዝ ጋዝ ይሸት ነበር።

ዕቃቸውን በአንዲት ዘንቢል ጠቅልለው ወጡ። በሩ ጋ ስሸኛቸው ከዘንቢሉ ውስጥ ሳህኗን አውጥተው ሰጡኝ። ልመናዬን፣ ልቅሶዬን ሁሉ እንዳላዩ ሆነው እንደ ወትሮው አሾፉብኝ። «ቀኝና ግራሽ ሲጠፋብሽ እሷን እያት» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ። አልሆነላቸውም።

በወሩ ጋሼ ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? ሰማያዊና ቀይ ሳህን መልሰው ገዙ። ሦስቱም ቤት። ጨረቃውና መስቀሉም መስኮቶቹ ላይ እንደገና ተሣሉ። ቀስ በቀስ ሰውም ተመለሰ። እትዬ ግን አልተመለሱም። ሰርግ መጣ፣ ሰደቃ መጣ፤ ማንም አልጠራቸውም። በበራቸው ሳልፍ ግቢያቸው ጭር ብሎ አያለሁ። ያ ሲቆጡት የሚውሉት ትልቁ ድስት በአፉ ተደፍቶ ነበር።

ትምህርቴን ጨረስኩ። አስተማሪ ሆኜ ወደ ክፍለ ሀገር ተላክሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ የጋሼ ቤቶች ተወረሱ፣ ሐጂም ሞቱ አሉኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሁለት ጊዜ ስኳር ገዝቼ እትዬ በር ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከደጃፉ ተመልሻለሁ። ስኳሩን ለጎረቤቴ ነው የሰጠሁት። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሦስተኛውን የሄድኩት ሞታቸውን ሰምቼ ነው። ቤቱ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ሴቶቹ ጥግ ጥጉን ተቀምጠዋል፤ ከጓሮ የወንዶቹ ዱዓ ይሰማል። ከእትዬ ጋር የሠራሁ ነኝ አልኩ። ልጃቸው ድሮ ሕፃን የነበረች ናት፤ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ አጠር፣ ደልደል ብላ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይታ ወጥታ ቆየች። ስትመለስ ለብቻዬ የተሸፈነ ሳህን ይዛልኝ መጣች።

«ይሄ ከጎረቤት፣ ከክርስቲያን ቤት ተሠርቶ የመጣ ነው» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናታችን ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ እንዳትሳሳቱ እያለች ነው ያሳደገችን። አይስጉ፣ ይብሉ።»

እጄን ዘረጋሁ፣ መለስኩ። ከዚያ አፌ በራሱ ተከፈተ። «እናታችሁ አልተሳሳቱም» አልኩ፤ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «ያን ቀን ለሐጂ የክርስቲያን ሥጋ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከግራው መስኮት ያነሣሁት እኔ ነኝ። እትዬ እጃቸው የለበትም። ለኔ ብለው ነው።»

ከጥጉ መቁጠሪያ የያዙ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው በደንብ አዩኝ።

«ስንት ሰርግ ያለ እሷ ደገስን» አሉ። «አሁን ነው የምትነግሪን?»

ያጽናናኝ የለም፤ ማጽናናትም አልነበረባቸውም። የእትዬ ልጅ ግን በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ከፊቴ በርከክ አለች። ክዳኑን አንሥታ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ይብሉ እንጂ፣ እትዬ» አለችኝ። «ይቀዘቅዛል።»

በላሁ።